የጁፒተርን ጨረቃዎች ለመሥራት፦ ዩኒቨርስ ሳንድቦክስ፣ ሪባውንድ ወይስ ፋርጎ 3ዲ?

ሦስቱም የጁፒተር ጨረቃዎች እንዴት እንደተፈጠሩ በኮምፒውተር አስመስሎ ለማየት የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች ናቸው። ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። ማየት የምትፈልጉት ጋዙን ነው ወይስ ጨረቃዎቹን? ጁፒተር ገና ሲወለድ በዙሪያው የጋዝና የአቧራ ዲስክ ነበረው፤ አዮ፣ ዩሮፓ፣ ጋኒሜድና ካሊስቶ የተሠሩት ከዚያ ነው። የጋዝ ፍሰት የሚያሰላ ኮድ ሌላ ነው፣ የአካላትን ስበትና ግጭት የሚከታተል ሌላ።

ዩኒቨርስ ሳንድቦክስ ይከፈልበታል፣ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ይሸጣል። ለክፍል ተማሪ ግጭት ለማሳየት ከሆነ ይሄንኑ ግዙ፣ ደህና ግራፊክስ ካርድ ካላችሁ። ግን ጊዜውን በጣም ስታፈጥኑት ስሌቱ ይሳሳና ደህና የነበረችው ጨረቃ ከምህዋሯ ወጥታ ልትሄድ ትችላለች። ለመመረቂያ ጽሑፍ አይሆንም።

ለእኔ ምርጡ የአካላትን ስበትና ግጭት የሚከታተለው ሪባውንድ ነው። ነጻ ነው፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ታዙታላችሁ፣ ውስጡ በሲ ቋንቋ ስለተጻፈ ይፈጥናል፤ እዚህ ጋ ፍጥነት ቅንጦት አይደለም። አዮ ጁፒተርን በ1.77 ቀን ትዞራለች፤ አንዱን ዙር በ20 ብትከፍሉት እያንዳንዱ የስሌት እርምጃ 2 ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ እናም አንድ ሚሊዮን ዓመት ለማየት ከ4 ቢሊዮን በላይ እርምጃ ያስፈልጋል! ለእንዲህ ያለ ረጅም ሩጫ ደብሊውኤችፋስት የተባለው የስሌት ዘዴው ጎበዝ ነው። አካላት በጣም ሲቀራረቡ ግን ይስታል፣ ጨረቃ ደግሞ የምታድገው በመጋጨት ስለሆነ ያኔ መርኩሪየስ ወደሚባለው ዘዴ ቀይሩ። ጨረቃዎቹን ወደ ፕላኔቱ የሚገፋቸውን የጋዝ ተጽዕኖ ሪባውንድ ኤክስ በተባለው ተጨማሪው በግምት ማስገባት ይቻላል፤ አዮ 4 ዙር ስትጨርስ ዩሮፓ 2፣ ጋኒሜድ 1 የሚዞሩበት ቅንጅት እንዴት እንደመጣ ለመመርመር ይሄ ጥሩ መነሻ ነው። ለዚህ ሥራ ውድ ግራፊክስ ካርድ አትግዙ፣ ብሩን ፕሮሰሰር ላይ አውሉት።

የጋዝ ፍሰት የሚያሰላው ፋርጎ 3ዲም ነጻ ነው፤ ወጪው ማሽኑ ነው፣ በተለይ የኤንቪዲያ ካርድ። በ2021 አልማ ቴሌስኮፕ ከእኛ ሥርዓተ ፀሐይ ውጭ ባለችው ወጣት ፕላኔት በፒዲኤስ 70ሲ ዙሪያ በግልጽ ያሳየውን ዓይነት ዲስክ ማጥናት ለሚፈልግ ሰው ትክክለኛው መሣሪያ ይሄ ነው። ሆኖም ጋዙን እየተከተላችሁ ሚሊዮን ዓመት እንሂድ ብትሉ አቅም አይፈቅድም። ለጀማሪም ከባድ ነው።

የትኛውንም ብትይዙ ውጤታችሁን በአንድ ቁጥር ፈትኑት፦ የአራቱ ጨረቃዎች ክብደት ተደምሮ ከጁፒተር 10,000 እጅ 2 እጅ ገደማ ነው። እናንተ ጋ መቶ እጥፍ ከወጣ፣ ካርድ ከመቀየራችሁ በፊት መጀመሪያ ያስገባችሁትን የዲስክ ክብደት እዩ።