ከሄርኒያ ኦፕራሲዮን በኋላ «ማገገሚያ» ብለው የሚሸጡላችሁን ክኒን ተጠንቀቁ

ሐዋሳ ያላችሁ፣ በተለይ ዘመድ አሳክማችሁ ከሆስፒታል የምትወጡ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

አጎቴ የቡአ (ሄርኒያ) ኦፕራሲዮን አድርጎ ሲወጣ አንድ መድኃኒት መደብር «ማገገሚያ» ብሎ 600 ብር ተቀበለው። በትንሽ ፌስታል ከእሽጋቸው በመቀስ የተቆራረጡ ክኒኖች፣ ከነሱ ጋር ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ። ማዘዣ የጠየቀው የለም፣ ደረሰኝም አልሰጡትም። ሻጩ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ይቺን ከዋጡ በሳምንትዎ ሳይክል ይነዳሉ!» የሐዋሳ ልጅ መሆኑ ያስታውቃል።

ፋሻውን ልትቀይር የመጣች ነርስ በአንዱ ቁራጭ ጀርባ የቀሩትን ፊደላት አይታ ነው የነገረችን። ዴክሳሜታዞን (ዴክሳ) ነው፤ ስቴሮይድ የሚባል እብጠት የሚቀንስ ጠንካራ መድኃኒት። አጎቴ ደግሞ ስኳር አለበት። ሌሊቱን ውሃ ውሃ እያለ ሽንት ቤት ሲመላለስ ያደረው ለካ በዚህ ነው።

ነገሩን የሚያደናግረው፣ ዴክሳ ለኦፕራሲዮን ሕመም አይሰጥም ማለት አይቻልም። ሰመመን ሰጪው ብዙ ጊዜ እዚያው ኦፕራሲዮን ክፍል አንድ መርፌ ይሰጣል፤ ከ4 እስከ 8 ሚሊግራም የተለመደ ነው። ማቅለሽለሽና ማስመለስን ይከላከላል፣ የመጀመሪያውን ቀን ሕመምም በመጠኑ ያስታግሳል። በዚያው ያበቃል። ሻጩ «ሆስፒታልም ይሰጡታል» ቢላችሁ አልዋሸም። አንዴ፣ ባለሙያ እያየ የሚሰጠውን ነው ለቀናት ቤታችሁ እንድትውጡት የሚሸጥላችሁ።

ዴክሳ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ የቁስልን መዳን ያዘገያል። ከዳይክሎፌናክ ወይም ከአይቡፕሮፌን ጋር ሲደረብ ጨጓራ ሊያቆስል፣ ሊያደማም ይችላል። እኔን ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን መጀመሪያ ላይ ደስ ማሰኘቱ ነው። እብጠቱ ይቀንሳል፣ ትኩሳት አይታይም፣ ምግብ ይከፈታል፣ ቤተሰቡ «ዳነ!» ይላል። ውስጥ ለውስጥ መግል እየያዘ ቢሆንስ በምን ይታወቃል? የቡአውን ቦታ ለማጠናከር ሜሽ የሚባለው መረብ የገባለት ሰው ከሆነ ደግሞ የተመረዘውን መረብ ለማውጣት እንደገና ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ይችላል።

ዴክሳ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት አይደለም። ስሙና የሚያበቃበት ቀን የማይነበብ ክኒን በነፃም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። ሕመሙ በታዘዘላችሁ ማስታገሻ ካልቻለ፣ ወይም ቁስሉ ከቀላና ፈሳሽ ካመጣ፣ ወይም ሽንት እምቢ ካለ፣ ወደ ቀደዳችሁ ሐኪም ተመለሱ። ዴክሳን ለሳምንታት ስትውጡ የቆያችሁ ካላችሁ ግን ዛሬውኑ በራሳችሁ አታቋርጡት፤ ድንገት ሲቆም ሌላ አደጋ አለው፣ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንሳችሁ።

እኛ ያለ ደረሰኝ ገንዘቡን ማስመለስ አልቻልንም። ክኒኖቹን ግን ከነፌስታላቸው አስቀምጠናል። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ አትጣሉት፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው።