ፒኖ ኗር ወይስ ካበርኔ ሶቪኞን፦ ለበዓል ራት የቱ ይሻላል?

የበዓል ማዕድ አስቸጋሪነቱ አንድ ምግብ ብቻ አለመቅረቡ ነው። ዶሮው፣ ጥብሱና አትክልቱ በአንድ ሳህን ላይ ይገናኛሉ፤ ቀይ ወይኑም ከሁሉም ጋር እንዲስማማ ይጠበቃል። ካበርኔ ሶቪኞንና ፒኖ ኗር ሁለቱም ቀይ ወይን የሚጠመቅባቸው የወይን ዝርያዎች ናቸው።

በፈረንሳይ ቦርዶ ስሙ የገነነው የካበርኔ ሶቪኞን ፍሬ ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም ነው። ድድና ምላስ የሚያደርቀው ታኒን በብዛት የሚወጣውም ከዚሁ ቆዳና ከዘሩ ነው። ስብ ያለው የበሬ ወይም የበግ ጥብስ ሲቀርብ ይህ ጠባዩ ጸጋ ይሆናል፤ ታኒኑ ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ስለሚያያዝ ወይኑ አፍ ላይ ይለሰልሳል። ያንኑ ወይን ከዶሮ ደረት ጋር ሲጎነጩት ግን የሥጋው ጣዕም ይዋጣል። ምግቡ የሚያቃጥል ከሆነማ ባይነሳ ይሻላል።

ፒኖ ኗር በፈረንሳይ የቡርጎኝ አካባቢ ወይን ነው። ቆዳው ስስ በመሆኑ ታኒኑ አነስተኛ፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ኮምጠጥ ማለቱ ግን ቅባትን ከአፍ ያጥባል። ዶሮ፣ ዳክዬ፣ እንጉዳይ፣ ሳልሞን ዓሣ እንኳ አያስቀይመውም። ጉድለቱ ዋጋው ነው፤ ተክሉ ለማልማት አስቸጋሪ ስለሆነ ርካሹ ብዙ ጊዜ ውሃ ውሃ ይላል።

አቀራረባቸውም ይለያያል። ወጣት ካበርኔ ከራት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ወደ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ቢገለበጥ ይገራል፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። ፒኖ ኗር ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ማቆየት ነው።

ዋናው ምግብ የበሬ ሥጋ ከሆነ ያለ ክርክር ካበርኔ። ለተቀላቀለ ማዕድ እኔ ፒኖ ኗርን እመርጣለሁ።