የመኪናዬን ቀበቶ ሳልጠይቃቸው ለፈተሹልኝ መካኒክ ምስጋና

ጎፋና ቄራ አካባቢ ያላችሁ፣ ሩቅም ብትሆኑ ያገለገለ መኪና የምትነዱ ሁሉ ይህቺን አንብቡልኝ። አንድ ሰው ማመስገን አለብኝ፣ እግረ መንገዴንም ልጠቁማችሁ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል፣ ሥራ በዝቶባቸዋል መሰለኝ። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ቪትዛችንን የፊት ፍሬን ሸራ ላስቀይር ነበር የወሰድኳት። የፍሬኑ ሥራ ቶሎ አለቀ፣ ንጹህ ሥራ ነው፣ ስለሱ ብዙ የምለው የለም። ሂሳብ ልከፍል ስል ግን ጋሼ (እዚያ ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው) "ቆይ እስቲ" ብለው ሾፌሩ ወንበር ላይ ገቡና ቀበቶውን ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ አድርገው ማለቂያው እስኪደርስ አወጡት። ሰው የሚያየው ደረቱ ላይ የሚያርፈውን ብቻ ነው፤ የሚበላው ግን ትከሻ አጠገብ ባለው ማለፊያ ውስጥ ሲመላለስ የሚፈተገው ነው አሉኝ። ከዚያ ዳር ዳሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። "ልጄ፣ እጅህን አምጣ።" ዳሩ ተበልቶ ክሩ ጸጉር ጸጉር ብሏል። በዓይን ብታዩት ምንም አይመስልም፣ በእጅ ግን ቁልጭ ብሎ ይታወቃል።

የጋቢናው ቀበቶ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። እሱን ሲያወጡ ዝም አሉ። በባትሪ ብርሃን እያዩ ማለፊያው ፕላስቲክ ላይ የቀለጠና የተላጠ ምልክት አሳዩኝ። ጨርቁም ላይ በዚያው ልክ የሚያብለጨልጭ መስመር አለ። "ይህቺ መኪና አንዴ በደንብ ተመትታለች። የዚያን ዕለት እዚህ ሰው ተቀምጦ ነበር" አሉኝ። የሸጠልን ሰውዬ "ንክች ያላለች" ብሎ ነው የሸጠልን። ባለቤቴ በየቀኑ የምትቀመጠው እዚያ ነው። ምን እንደተሰማኝ እናንተ ገምቱት።

ማረጋገጫ ፈልገው ቁልፉን ኦን ላይ አደረጉ። የኤርባግ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት፣ የኛ ጭራሽ አይበራም። አንድ ብልጥ አምፖሉን አውጥቶልናል። ይህንን ዛሬውኑ መኪናችሁ ላይ ሞክሩት፣ ምንም ወጪ የለውም። በርቶ የማይጠፋም፣ ጨርሶ የማይበራም ሁለቱም ችግር ነው።

አደጋ ላይ የዋለ ቀበቶ አንዴ ሥራውን ሠርቷል ይላሉ ጋሼ። ጨርቁ ኃይሉን ተቀብሎ ተለጥጧል፣ ደግሞ አብዛኛዎቹ የዚህ ዘመን መኪኖች የፊት ቀበቶ ላይ ግጭት ሲኖር ሰውዬውን ወደ ወንበሩ ጥብቅ የሚያደርግ ትንሽ ፈንጂ ነገር አለ፣ እሱም የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። የወንበር ልብስ የሚሰፋ አንድ የማውቀው ልጅ "በወፍራም ክር ሰፍቼ አዲስ አደርግልሃለሁ" ብሎኝ ነበር፤ ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁ፣ ቀጥለው ተቆጡ። የተሰፋ ቀበቶ ይዞ የሚመጣ ካለ መኪናውን አልነካም፣ ውሰድልኝ ነው የምለው አሉ። የምራቸውን ነው።

ዕቃውን ሶማሌ ተራ ነው ያገኘነው። ከረዳታቸው ጋር ሄድን። ልጁ መጀመሪያ የቀረበልንን ገና ሳብ አድርጎ ሲያየው ያው የሚያብለጨልጭ መስመር አለበት፣ ከተመታ መኪና የተፈታ ነው፣ መለሰው። ሁለተኛው ከታች የተሰፋበት ምልክት ላይ የተመረተበት ዓመትና የዕቃው ቁጥር ይነበባል፣ ጨርቁም ንጹህ ነበር። እሱን ወሰድን። ነጋዴው ትንሽ አጉረመረመ፣ ልጁ ግን ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ያሳደጉት ነዋ።

ሲገጥሙ ደግሞ መጀመሪያ ያደረጉት ባትሪውን መንቀል ነው። ከዚያ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ምን እየጠበቅን ነው ስላቸው ወደዚያች ትንሽ ፈንጂ የሚሄደውን ቢጫ ሶኬት አሳዩኝ፤ ባትሪው ቢነቀልም ውስጥ የቀረ ኃይል ስለሚኖር ቶዮታ ላይ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠበቅ አይነካም። ይህ ሦስት ቦታ የሚታሰረው ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን የሠራው እንደሆነና ቮልቮም ሌሎች አምራቾች እንዲጠቀሙበት እንደፈቀደ የነገሩኝ በዚያች ጥበቃ መሃል ነው። ሰውየው ወሬ ይወዳሉ፣ ይህንን እወቁ። ቸኩላችሁ አትሂዱ።

የኋላ ወንበሩ ጉድ ነው። ያስለበስነው የወንበር ልብስ ሁለቱን መቆለፊያዎች ከሥሩ ውጦ አስቀርቷቸዋል። ረዳቱ ቀዶ አወጣቸው። አንደኛው ምላሱ ሲገባ "ቀጭ" አይልም። በኮምፕሬሰር ሲነፋው ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ቆሎ! የልጄ ሥራ ነው። የሽምብራ ቆሎ የቀበቶ መቆለፊያ ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን ከሥራ ውጪ ያደርጋል ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን "ቀጭ" ይላል፣ እሷም በራሷ ታስረዋለች። ስምንት ዓመቷ ስለሆነ ቀበቶው አንገቷን እንዳይነካ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ እንድፈልግላት ነግረውኛል፣ እየፈለግኩ ነው።

ቤታችሁ ልትሞክሩት የምትችሉትንም አሳይተውኛል። ቀስ ብላችሁ ስትስቡት መምጣት አለበት፣ በድንገት ስትነጥቁት መያዝ አለበት፣ ስትለቁት ደግሞ ሳይጎተት ራሱ ይጠቀለላል። ቁልቁለት ወይም ዳገት ላይ የቆመ መኪና ቀበቶው አልሳብ ቢላችሁ ወዲያው ተበላሸ አትበሉ። ብዙዎቹ ውስጥ መኪናው ሲያዘነብል ወይም በድንገት ሲቆም ተንከባሎ የሚቆልፍ ትንሽ ኳስ አለ፤ ሜዳ ላይ አቁማችሁ ድገሙት። መጠቅለል የዘገየ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፣ በረኪናና ቤንዚን አይነካውም፤ እስኪደርቅም እንዳይመለስ ላዩ ላይ የልብስ መቆንጠጫ አድርጉበት። እጥበት ቤት ስትሄዱ ይህንን ንገሯቸው፣ ያገኙትን ኬሚካል ነው የሚደፉበት።

ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ቀበቶውን ደረት ላይ ጣል አድርገው ለሚያልፉት ደግሞ ጋሼ ትልቅ ቂም አላቸው። ደወሉን ዝም ለማሰኘት ባዶ ምላስ የሚሰኩትንማ ባይነሳ ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀበቶ ማሰር የመሞት አደጋን እስከ ግማሽ ይቀንሳል እያለ እኛ ቅጣቱን ብቻ ነው የምንሸሸው።

ሂሳቡን ልንገራችሁ፦ ለምርመራው ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ጉልበታቸው ከፍሬኑ ሥራ ያነሰ ነበር፣ ዕቃውን እኔው በእጄ ከፍዬ ነው የገዛሁት፣ በመሃል የገባ ደላላ የለም። የተፈታውን አሮጌ ቀበቶ ደግሞ ፊቴ በመቀስ ቆራርጠው ጣሉት፣ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሸጠው።

ጉድለታቸውን አልደብቅም። ስልክ አያነሱም፣ ግቢው ጠባብ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሰልፉ አይቻልም። በሥራ ቀን ማልዳችሁ ሂዱ። የወንበር ልብስ ያለበት መኪና ከሆነ ቀድማችሁ አውልቁት፣ አለዚያ ረዳቱ ይቀደዋል።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ዳቦ ደፍታ ልታመጣልዎት ነው፣ ረቡዕ ይጠብቁን።