ጥያቄ ምልክት ወይስ ቃለ አጋኖ?

«መጣ» ብላችሁ ጻፉ። አራት ነጥብ ከተከተለው ወሬ ነው። «መጣ?» ጥያቄ፣ «መጣ!» ደግሞ ደስታ ወይም ድንጋጤ። ስናወራ በድምፃችን የምንለየውን በጽሑፍ የምትለየው ይህቺ ምልክት ብቻ ናት።

ጥያቄ ምልክት መልስ ለሚጠበቅበት ነው። የጥያቄ ቃል ባየን ቁጥር ግን አንደነቅረውም። «የት እንደሄደ አላውቅም» ውስጥ «የት» አለ፤ የተጠየቀ ሰው ግን የለም። ስለዚህ በአራት ነጥብ ይዘጋል። «እንዴት ያምራል!» ደግሞ ጥያቄ ይመስላል እንጂ አድናቆት ነው። «እንዴት ያምራል?» ብላችሁ ከላካችሁማ ሰውዬው ይከፋዋል።

ቃለ አጋኖ ለስሜትና ለጥብቅ ትእዛዝ ነው፦ «ተጠንቀቅ!» አንዱ ይበቃል። ሦስት አራት የሚደረድር ሰው የሚጮህብኝ ይመስለኛል። (ለጓደኛ በቴክስት ሲሆን፣ እሺ፣ ይሁን።) ማመልከቻ ላይ ግን ባይገባ ይሻላል። ጥያቄ ምልክት መደራረብም ያው ነው። «ለምን አልመጣህም???» ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ክስ ይሆናል።

ከሁለቱም በኋላ አራት ነጥብ አይደገምም። በነገራችን ላይ፣ ተገልብጦ የሚቆመው «¡» ትእምርተ ስላቅ ይባላል። «ጎበዝ ነህ!» እና «ጎበዝ ነህ¡» አንድ አይደሉም።