ለአሮጌ ናፍጣ መኪና ዙር ቆጣሪ፦ ከዲናሞ ወይስ ከፑሌጃ?

የቤንዚን መኪና ዙር ቆጣሪ (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳየውን) ገዝቶ ናፍጣ ላይ መግጠም ከንቱ ልፋት ነው። እሱ ምልክቱን የሚያገኘው ለካንዴላ እሳት ከሚሰጠው ከኮይል ነው። ናፍጣ ደግሞ ካንዴላም ኮይልም የለውም።

ቀላሉ መንገድ ምልክቱን ከዲናሞው መውሰድ ነው። ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ «ደብልዩ» (W) የሚል የሽቦ ማሰሪያ ጫፍ አላቸው። ከሌለ ዲናሞው ተፈቶ ከውስጥ ሽቦ ይበየድለታል፤ ለጥሩ ኤሌክትሪሺያን ይህ ከባድ አይደለም። ጣጣው ልኬቱ ላይ ነው። 12 ፖል (የማግኔት ጫፍ) ያለው ዲናሞ በአንድ ዙሩ 6 የኤሌክትሪክ ምት ይሰጣል። ሞተሩ 1 ጊዜ ሲዞር ዲናሞው 2 ጊዜ ከዞረ 12 ምት ሆነ ማለት ነው። ቆጣሪው በዚህ ቁጥር ካልተስተካከለ የሚያሳየው ውሸት ነው። ቺንጋው ሲላላ አሳንሶ ያነባል። ፑሌጃው የተለየ ዲናሞ ከተቀየረ ደግሞ ልኬቱ እንደገና ከሀ ይጀመራል። አንድ ጉርሻ ግን አለው፦ ዲናሞው ቻርጅ ማድረግ ሲያቆም ብዙውን ጊዜ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ስለሚተኛ ቶሎ ይነቃበታል።

ሁለተኛው፣ የክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሌጃ ላይ ማግኔት አጣብቆ ፊት ለፊቱ ሴንሰር ማሰር ነው። በዙር 1 ምት፣ አለቀ። ማግኔቱ ግን ተፈናጥሮ እንዳይወጣ በደንብ ይያዝ። ቆጣሪውም በዙር 1 ምት የሚቀበል ይሁን።

እኔ ለዕለት መንጃ ዲናሞውን እመርጣለሁ። ሚኒሞና (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) የናፍጣ ፓምፕ ለሚያስተካክል ሰው ግን ሴንሰሩ ይሻለዋል።