አዲስ አበባ ላይ ለዘር ፍሬ እባጭ ያገኘሁት ህክምና፦ አልትራሳውንዱ፣ ዶክተሩ እና ሳላሰራው የመጣሁት ኦፕራሲዮን

ለፋሲካ ከምኖርበት ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አዲስ አበባ ገብቼ ነበር፣ እዛ የተጠቀምኩትን የህክምና አገልግሎት ልጻፍላችሁ። በተለይ ወንዶች አንብቡት፣ ስለዚህ ነገር ሀበሻ ወንድ አፍ አውጥቶ አያወራም። ከቀኝ ዘር ፍሬዬ በላይ፣ ከኋላ በኩል፣ ባቄላ የምታክል እባጭ ነበረችኝ፣ አታመኝም ግን ስነካት አለች። እዚህ ስፔሻሊስት ጋ ለመግባት ቀጠሮው ሩቅ ነው የኢንሹራንሱም ጣጣ አለ፣ አዲስ ላይ ደግሞ ጠዋት ገብተህ ከሰዓት ውጤትህን ይዘህ ትወጣለህ፣ ስለዚህ እዛው ልታይ አልኩ።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ክሊኒክ ስሙን አልጠራም። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ጮክ ብላ "የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?" አለችኝ፣ ለዶክተሩ እነግረዋለሁ ስላት "ሲስተሙ ላይ መሙላት አለብኝ" ብላ ድጋሚ ጠየቀችኝ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ስንቱ ወንድ እዛች መስኮት ጋ ደርሶ ዝም ብሎ ተመልሶ ይወጣል። ዶክተሩ ደግሞ እንደቆምኩ ነካ ነካ አደረገኝና አንቲባዮቲክ ጻፈልኝ፣ ከዛ "ከመሄድህ በፊት በቀላል ኦፕራሲዮን እናወጣታለን" አለኝ። አልትራሳውንድ አላዘዘም፣ ልጅ እንዳለኝ እንደሌለኝ አልጠየቀም። መድሃኒቱንም አልገዛሁ ተመልሼም አልሄድኩ።

የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት፣ እሷ ናት ወደ ዲያግኖስቲክ ሴንተርና ወደ ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንድ ዘር አካላት ስፔሻሊስት) የመራችኝ (ማስታወቂያ እንዳይሆንብኝ የእነሱንም ስም ትቼዋለሁ)። አልትራሳውንዱ በጣም ጥሩ ነበር። ራዲዮሎጂስቱ በሩን ቆልፎ መሸፈኛ ጨርቅ ሰጠኝ፣ ምን እንደሚያደርግ እየነገረኝ ነው የሰራው፣ ሁለቱንም ጎን አየ፣ ከዛ ስክሪኑን ወደኔ አዞረልኝና "ይሄ ግራጫው ዘር ፍሬህ ነው፣ ምንም የለበትም፣ ይቺ ከላይ ያለችው ጥቁሯ ደግሞ ውሃ ናት" አለኝ። ጥቁር ሆና ጥርት ያለ ጠርዝ ስላላት ውስጧ ፈሳሽ ብቻ ነው ማለት ነው። ጄሉን የምጠርግበት ሶፍት ሰጥቶኝ ወጣ፣ ሪፖርቱም ብዙ ሳይቆይ ደረሰልኝ።

ዩሮሎጂስቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሪፖርቱን ካነበቡ በኋላም ራሳቸው መረመሩኝ። መብራቱን አጥፍተው ትንሽ ባትሪ ከእባጯ ጀርባ ሲያበሩበት ብርሃኑ አልፎ ቀይ ሆኖ ታየ፣ ፈሳሽ ስለሆነ ነው፣ ጠጣር ቢሆን ብርሃን አያሳልፍም። ከዛ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ኤፒዲዲሚስ የሚባለው ከዘር ፍሬ ጀርባ ላይ የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ ነው፣ ቢዘረጋ 6 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ስፐርም የሚበስለውና የሚጠራቀመው እዛ ውስጥ ነው። እዛ ላይ ውሃ ሲቋጠር የኤፒዲዲሚስ ሲስት ይባላል። አንዳንዱ ውስጡ ስፐርም አለው፣ ስሙ ይለያል እንጂ አያያዙ ያው ነው። ከ40 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ብዙ ወንድ ላይ አለ፣ አብዛኛው ሳያውቀው ነው የሚኖረው። ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይቀየርም፣ ወሲብ ላይ ችግር አያመጣም፣ ልጅ መውለድንም በአብዛኛው አይነካም።

መድሃኒትስ ስላቸው የሚያጠፋው ኪኒን የለም አሉ። አንቲባዮቲክ ኢንፌክሽን ሲኖር ነው፣ ማለትም ህመም፣ ትኩሳት፣ ሽንት ሲሸና ማቃጠል ምናምን ካለ። በመርፌ ቢቀዳ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይሞላል። ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ካመመ ወይም አድጎ ካስቸገረ ነው፣ ሲሰራም ብዙውን ጊዜ በዛው ቀን ወደ ቤት ይኬዳል፣ ግን መድማት አለ፣ እብጠት አለ፣ ከሁሉም በላይ ያ ቀጭን ቱቦ ጠባሳ ሰርቶ በዛ በኩል የስፐርም መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። እኔ አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ ሌላም እንፈልጋለን። ይሄን ስነግራቸው "ታዲያ ለማታምህ ነገር ምን አስቸኮለህ?" አሉኝ፣ ስፌት ይዤ ያን ሁሉ ሰዓት አውሮፕላን ላይ መቀመጡም ሌላ ጣጣ ነው።

አንድ ነገር ግን ረገጥ አድርገው ነገሩኝ እኔም ረገጥ አድርጌ ልጻፈው። እባጩ ከዘር ፍሬው ተለይቶ ለብቻው ከሆነና ለስለስ ካለ አብዛኛውን ጊዜ እንደኔው ነው፣ ራሱ ዘር ፍሬው ላይ ጠጠር ያለ ነገር ካለ ግን ባያምም እንኳን ቶሎ መታየት አለበት፣ የዘር ፍሬ ካንሰር በብዛት ወጣቶችን ነው የሚይዘው። ካንሰር ከሆነ ደግሞ ኦፕራሲዮኑ የሚሰራው በብሽሽት በኩል ነው እንጂ የዘር ፍሬውን ከረጢት በመክፈት አይደለም፣ ካንሰሩ የሚዛመትበትን መንገድ ላለመቀየር። ስለዚህ ሳይታይ በቢላ መንካት ልክ አይደለም፣ መጀመሪያ አልትራሳውንድ። ሌላው ድንገት የሚመጣ ከባድ የዘር ፍሬ ህመም ነው፣ ተጠምዝዞ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ስለሚችል እስከ ነገ አይባልም፣ ህመሙ ከጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ መታከም ስላለበት ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ክፍያው እኔ እዚህ ለአንድ ስፔሻሊስት ከምከፍለው ኮፔይ (ኢንሹራንስ እያለኝ ከኪሴ የማወጣው ድርሻ) ያነሰ ነው፣ እዛ በደሞዝ ለሚኖር ሰው ግን ቀላል ብር አይደለም፣ ስለዚህ "ርካሽ ነው" እያላችሁ አታውሩባቸው። የሀገር ውስጥ አካውንት ከሌላችሁ ካሽ ያዙ፣ ለኔ የአክስቴ ልጅ ናት በቴሌብር የከፈለችልኝ። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፣ ምስሉንም በሲዲ ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ እዚህ ለፋሚሊ ዶክተሬ ሰጥቼው ፋይሌ ውስጥ አስገብቶታል። የተባልኩት በወር አንዴ ሙቅ ሻወር ስወስድ እንድዳስሳት ነው፣ ካደገች ወይ ማመም ከጀመረች ድጋሚ አልትራሳውንድ፣ ካለበለዚያ ምንም አላደርግም።