ባለ 6 በ20 ሜትሩ ላስቲክ ቤት ለእንጆሪ ምርምር፦ የጅማን ዝናብ ይችላል?

ጅማ ላይ ላስቲክ ቤት የሚተከለው ሙቀት ፍለጋ አይደለም። ከፍታው 1,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ብርዱ እንጆሪን አያሳስበውም። የሚያስቸግረው በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚወርደው ዝናብ ነው። አበባ ላይ ያደረ ውሃ ግራጫ ሻጋታን ይጠራል። ስለዚህ ቤቱ ዝናቡን እየከለለ አየሩን ማሳለፉ ነው መታየት ያለበት።

አጥንቱ ጠንካራ ነው። በየ2 ሜትሩ የቆሙ 11 ቅስቶች አሉት፤ መሃሉ 3 ሜትር ስለሚደርስ ሰው ሳያጎነብስ ይሠራበታል። ችግሩ አናቱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቅስት ከሁለት ቱቦ የተቀጠለ በመሆኑ መጋጠሚያው በብሎን ይያዛል፤ የብሎኑ ጫፍ ወደ ውጭ ከወጣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ላስቲኩን እየፈተገ ይበሳዋል። ጫፉን ወደ ውስጥ አዙሩት፤ ቱቦው ላስቲኩን የሚነካበትንም በነጭ ጨርቅ ጠቅልሉት። ብዙዎች ካላማዳሪ ያስራሉ፤ ጥቁር ስለሆነ ግን ፀሐይ ላይ ይግልና 200 ማይክሮን ውፍረት ያለውን ላስቲክ ያለጊዜው ያደርቀዋል።

ትልቁ ብልጫው ጎኑ እስከ 1 ሜትር መጠቅለሉ ነው። ተዘግቶ ያደረ ቤት ንጋት ላይ ጣሪያው ያልበዋል፤ ያም ጠብታ አበባው ላይ ይወርዳል፤ ሻጋታው በዝናብ ባይመጣ በዚህ ይመጣል። ጎኑ ሌትም ቀንም ክፍት ይሁን፤ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ይውረድ። ንብ የሚገባውም በዚያው ነው። በደንብ ያልተዳቀለ አበባ ጎባጣ ፍሬ ይሰጣል፤ ያንን የዝርያው ጉድለት አድርጎ መመዝገብ ትልቅ ስህተት ነው። ዝናብ የማያጥበው ቅጠል ደግሞ ለቀይ ሸረሪትና ለዱቄት መሰል ሻጋታ ይመቻል፤ በየሳምንቱ የቅጠሉን ጀርባ በማጉያ መነጽር እዩ።

ከዕቃው ጋር የማይመጣው የውሃ መውረጃ ነው። ጣሪያው 120 ካሬ ሜትር መሬት ይሸፍናል፤ 1 ሚሊ ሜትር በዘነበ ቁጥር 120 ሊትር ወደ ሁለቱ ጎኖች ይፈሳል፤ በዓመት ሲሰላ 180,000 ሊትር ይሆናል። ቦይ ካልተቆፈረ የዳር መደቦች ከሥር ይረጥባሉ፤ መሃሉ በጠብታ መስኖ ብቻ ይኖራል፤ የሙከራው ውጤት እዚያው ይበላሻል።

አደራደሩ እንዲህ ቢሆን ይመከራል፦ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 18 ሜትር ርዝመት ያላቸው 4 መደቦች፤ በእያንዳንዱ ሁለት መስመር፣ በችግኞች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር። ከሁለቱም ጫፍ 1.5 ሜትር ለአጥር ተክል (በውጤቱ ለማይቆጠር የዳር እንጆሪ) ይተውና ቀሪው 15 ሜትር 5 ዝርያዎችን በ3 ሜትር፣ በ20 ችግኝ ይይዛል። እያንዳንዱን መደብ እንደ አንድ ድግግሞሽ (5ቱም ዝርያዎች አንድ ጊዜ የሚሞከሩበት) ቁጠሩት፤ የዝርያዎቹን ቦታ በየመደቡ በዕጣ አውጡ። እንዲህ ሲሆን በዳርና በመሃል መካከል ያለው ልዩነት በድግግሞሹ ይያዛል፤ ከዝርያው ልዩነት ጋር አይደባለቅም።

ለዝርያ ማወዳደሪያ ይህ ቤት ገንዘቡን ያወጣል። «ላስቲክ ቤት ከሜዳ ይሻላል ወይ?» ለሚል ጥያቄ ግን አንድ ቤት አይበቃም፤ ውስጡ 480 ችግኝ ቢኖርም ቤቱ ራሱ የተደገመው አንዴ ብቻ ነው። ቢያንስ 3 ቤት፣ ከየጎናቸውም ክፍት ማሳ ያስፈልጋል። በጀቱ ለአንድ ብቻ ከሆነ ጥያቄውን ወደ ዝርያ ወይም ወደ ማዳበሪያ ቀይሩት።